«ልጄ የት ነው?» ብለው የጠየቁ እናቶች

ለንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 22፥6–23፤ 2ኛ ሳሙኤል 21፥1–14

ልጆች ሳለን፣ ነገሩ በ1970 ዓ.ም. ነው፣ ከቤታችን ሁለት በር አልፎ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረውን ልጃቸውን አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። እማማ (ስማቸውን እዚህ አንጽፍም) በየቀኑ ስንቅ ያደርሱለት ነበር። ጠዋት ምሳ ዕቃውን ሞልተው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። ባዶ ምሳ ዕቃ ያን ጊዜ የምሥራች ነበር፤ የበላ ሰው አለ ማለት ነውና። አንድ ቀን ግን እንደ ሞላ ተመለሰ። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ተብለው ነበር። በዚያ ዘመን ለኖረ ሰው ይህ ቃል ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

እማማ ግን አርፈው አልተቀመጡም። «እንግዲያው ሬሳውን ስጡኝ» ብለው ጠየቁ። ስለ ጠየቁም ሁለት ሳምንት ታሰሩ። ሲፈቱ የራሽን ካርዳቸው ተይዞባቸው ነበር፤ ስኳርና ዘይት ቀረባቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ሰፈሩ ያደረገው ነው። ቡና ሲፈላ እሳቸው አይጠሩም። በራቸው ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ጠፋ። የእኛም ቤት ከሰፈሩ የተለየ አልነበረም። እናታችን የጸሎት ሰው ነበረች፤ ሆኖም በዚያ በር በኩል እንዳናልፍ በሌላው መንገድ ትልከን ነበር። ትልልቆቹ ሲያንሾካሹኩ ደጋግመን የሰማነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መቼም አንድ ነገር ሳያደርግ አይቀርም።»

ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አድገን፣ ተምረን፣ በሌላ አገር ታሪክ ውስጥ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ አገኘነው። ዛሬ ስለ አርጀንቲና የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። (የአርጀንቲናን ታሪክ ስንናገር ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 24 ቀን 1976 በአርጀንቲና ጄኔራሎች ሥልጣን ያዙ። ብዙ ዘመን በዓለም ላይ የነበሩ ጨካኝ መንግሥታት ጠላታቸውን ያስራሉ፣ ይፈርዳሉ፣ በአደባባይ ይገድላሉ። እነዚህኞቹ ሌላ መንገድ መረጡ። ታርጋ የሌላቸው መኪናዎች በሌሊት ይመጣሉ፤ ተማሪውን፣ ሠራተኛውን፣ አስተማሪውን ይወስዳሉ። ቤተ ሰብ ሄዶ ሲጠይቅ «እኛ ዘንድ የለም፤ ስሙንም አናውቀውም» ይባላል። ክስ የለም፤ ፍርድ የለም፤ ሬሳ የለም፤ መቃብር የለም። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚሽን በ1984 ባወጣው ዘገባ 8,961 የተሰወሩ ሰዎችን መዝግቧል። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን እስከ 30,000 ያደርሱታል። ታዲያ ጎረቤት ምን አለ? «ያለ ምክንያት አይሆንም» አለ። በስፓኒሽ የተባለውም፣ በእኛ ሰፈር የተባለውም ያው ነው።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። የተሰወረ ሰው ሁሉ እናት አለው። ሬሳ ያላየች እናት ደግሞ አታርፍም።

እናቶቹ መጀመሪያ የተገናኙት በሰልፍ አልነበረም፤ በመጠበቂያ ወንበር ላይ ነበር። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በወታደር ሰፈር በር ላይ አንዷ ሌላዋን ታያለች፤ «አንቺስ ማንን ነው የምትፈልጊው?» ትላለች። ከነዚህ የመጠበቂያ ቦታዎች አንዱ የባሕር ኃይሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያ የነበረ አንድ ካህን የጠፉትን ሰዎች ስም በካርድ መዝግቦ ይዞ፣ እናቶቹን አንድ በአንድ እያስገባ ያነጋግራቸው ነበር። አዙሴና ቪላፍሎር የምትባል፣ ልጇ ኔስቶር በኖቬምበር 1976 ከእጮኛው ጋር የተወሰደባት እናት፣ አንድ ቀን እዚያው ወረፋ ላይ ሳለች ነገሩ ገባት። ለየብቻችን እዚህ በመቀመጥ የትም አንደርስም፤ ሁላችንም አንድ ላይ በቤተ መንግሥቱ ፊት ወዳለው አደባባይ መሄድ አለብን አለች።

ኤፕሪል 30 ቀን 1977፣ አሥራ አራት ሴቶች ፕላዛ ዴ ማዮ በሚባለው አደባባይ ተገኙ። ቀኑ ቅዳሜ ስለ ነበር አደባባዩ ባዶ ነበር፤ ያያቸውም ሰው እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ቀኑን ወደ ዓርብ፣ ኋላም ወደ ሐሙስ አዛወሩት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስለ ነበር ፖሊስ «ቁማችሁ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ተንቀሳቀሱ» አላቸው። እነሱም እሺ ብለው ተንቀሳቀሱ፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሐውልቱን መዞር ጀመሩ። ዓለም ያወቀው የሐሙስ ዙር የተወለደው ከፖሊስ ትእዛዝ ነው፤ እግዚአብሔር አንዳንዴ በትእዛዝ ሰጪው አፍ ራሱ በር ይከፍታል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በብዙ ሕዝብ መካከል እርስ በርስ እንዲተዋወቁ በራሳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አሰሩ። ጨርቁ ልጆቻቸው ሕፃናት ሳሉ ያደረጉላቸው ዓይነት የሽንት ጨርቅ ነበር። በነጠላ ተሸፍና የምታለቅስ እናት እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ምልክት እንግዳ አይደለም።

ጄኔራሎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ «እብዶቹ» ብለው ሰየሟቸው። ከዚያ መሳቁን ተዉት።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ፀጉሩ ወርቃማ፣ መልከ መልካም ወጣት ወደ እናቶቹ መጣ። ስሙ ጉስታቮ ኒንዮ እንደ ሆነ፣ ወንድሙ እንደ ተወሰደበት ተናገረ። ኒንዮ በቋንቋቸው «ሕፃን» ማለት ነው። እናቶቹ ልጃቸውን አስታወሳቸው። አንተ ወጣት ነህ፣ ይወስዱሃል፣ ወደ አደባባዩ አትምጣ እያሉ ይጠነቀቁለት ነበር። እውነተኛ ስሙ አልፍሬዶ አስቲዝ ነበር፤ የባሕር ኃይል መኮንን።

ዲሴምበር 8 ቀን 1977 ምሽት፣ እናቶቹና ረዳቶቻቸው በቦነስ አይረስ ሳንታ ክሩዝ በሚባል ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ነበር። ሳንታ ክሩዝ ቅዱስ መስቀል ማለት ነው። የተሰወሩትን ሰዎች ስም በጋዜጣ ለማውጣት ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች ጠበቋቸው። የሚወሰዱትን ለይቶ ያሳየው ያው ወጣት እንደ ነበረ፣ ያሳየውም በመሳም እንደ ነበረ ይተረካል። ይሁዳን ለማስታወስ ሰባኪ አያስፈልግም። በዚያ ምሽት ከተወሰዱት መካከል ኤስተር ባዬስትሪኖና ማሪያ ፖንሴ የተባሉ ሁለት እናቶች፣ አሊስ ዶሞን የተባለች ፈረንሳዊት መነኩሴም ነበሩበት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 10፣ የሰብአዊ መብት ቀን በሚባለው ዕለት፣ ማስታወቂያው «ላ ናሲዮን» በሚባለው ጋዜጣ ወጣ። አዙሴና ያን ጋዜጣ ልትገዛ ከቤቷ እንደ ወጣች በመንገድ ላይ ያዟት። በዚያው ቀን ሌላዋን ፈረንሳዊት መነኩሴ ሊዮኒ ዱኬን ወሰዷት። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል ኤስተርን ለይተን እንይ፤ ታሪኳን ባነበብን ቁጥር እንቆማለንና። ኤስተር በፓራጓይ የነበረውን አምባገነን ሸሽታ ወደ አርጀንቲና የመጣች የኬሚስትሪ ባለሙያ ናት። በላቦራቶሪ ከእርሷ በታች ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ኋላ የሮም ካቶሊክ ጳጳስ የሆነው ፍራንሲስ ነው። በጁን 1977 የአሥራ ስድስት ዓመት ነፍሰ ጡር ልጇ ተወሰደች፤ ተሠቃየች፤ ከወራት በኋላ ግን ተለቀቀች። ኤስተር ልጆቿን ከአገር አስወጥታ ስዊድን አደረሰቻቸው። የፈለገችውን አግኝታለች። ማንም እናት እዚያ ትቀር ነበር፤ ማንም እረኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚያው ቅሪ» ይል ነበር፤ እኛም እንል ነበር። እርሷ ግን ተመለሰች። ጓደኞቿ ለምን መጣሽ ሲሏት የሁሉም ልጅ እስኪገኝ ድረስ እንደምትቀጥል ነገረቻቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ስዊድን ውስጥ የልጅ ልጇ ስትወለድ፣ ኤስተር የባሕር ኃይሉ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ታስራ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱሳችንን የምናውቅ ከሆነ ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ ወደ ኖብ መጣ፤ ካህኑ አቢሜሌክ እንጀራ ሰጠው። በዚያ ቀን በመቅደሱ ውስጥ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ ኤዶማዊው ዶይቅ ቆሞ ያይ ነበር። ሌላው ሰው ሊጸልይ የመጣ መስሎት ይሆናል። ዶይቅ ሄዶ ለሳኦል ተናገረ፤ ሳኦልም ሰማንያ አምስት ካህናትን አስገደለ። በዚህ አልበቃውም፤ የኖብን ከተማ ከሴት እስከ ሕፃን በሰይፍ መታ። ካህኑ ያጠፋው ምንድር ነው? ለተራበ እንጀራ ሰጠ። «ከደረቁ ጋር እርጥቡም ይነድዳል» የሚለው ብሂላችን እሳቱ ሳያውቅ የበላው ያስመስለዋል። ሳኦል ግን እያወቀ ነው ያቃጠለው፤ ከእንግዲህ ማንም ለዳዊት እንጀራ እንዳይሰጥ። እናቶቹም የተወሰዱት በስሕተት አይደለም። ሌላ እናት እንዳትጠይቅ ነው።

ያገኙት ውጤት ምን ሆነ? ወታደሮቹ በመጀመሪያ ጥፋቱን በሽምቅ ተዋጊዎች ላይ ሊያላክኩ ሞከሩ። ሁለቱን መነኮሳት ከተዋጊዎቹ ባንዲራ በታች አስቀምጠው ፎቶ አነሱ፤ አሊስንም ደብዳቤ አስጻፏት። ከዚያ እስረኞቹን አደንዝዘው በአውሮፕላን ጭነው ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሏቸው። ባሕሩ ግን አልደበቀላቸውም። በዚያው ወር መጨረሻ ሬሳዎች ወደ ባሕር ዳርቻ ወጡ፤ ሐኪሞቹ ከከፍታ የመውደቅ ጉዳት እንዳለባቸው ጻፉ። ስም የሌላቸው ተብለው በአንድ ትንሽ ከተማ መካነ መቃብር ተቀበሩ።

በቀጣዩ ሐሙስ የቀሩት እናቶች ምን እንዳደረጉ ማሰብ ይከብዳል። መሥራቿ ተወስዳለች፤ አብሯቸው የተቀመጠው ወጣት ሰላይ ነበር፤ ከእንግዲህ ማን ማንን ያምናል? ብዙዎቹ ቀሩ። ጥቂቶቹ ግን መጥተው ዞሩ። ሥርዓቱ በ1983 እስኪወድቅ ድረስ ዞሩ፤ ከወደቀ በኋላም ዞሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ስም ሁልጊዜ በጎ አይነሳም። የሳንታ ክሩዝ አገልጋዮች በራቸውን ከፈቱ። ከካቶሊክ ጳጳሳት ብዙዎቹ ግን ዝም አሉ፤ የወታደሮቹን እጅ የባረኩም ነበሩ። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት የራሳችንን ቤት እንይ፤ የአርጀንቲና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም አብዛኞቹ «ፖለቲካ ነው» ብለው ዝምታን መርጠዋል። የተለዩም ነበሩ። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት ካርሎስ ጋቲኖኒ ከሰብአዊ መብት ጉባኤው መሪዎች አንዱ ሆነው የተሰወሩትን ቤተ ሰቦች አገለገሉ፤ በኋላም በብሔራዊው ኮሚሽን ውስጥ ተቀመጡ። በነገረ መለኮት ኮሌጅ መጻሕፍቱን የምናነብለት ሆሴ ሚጌስ ቦኒኖም የዚያው ጉባኤ አባል ነበር። እኛ በክፍል ውስጥ ስናነበው ስለ ሥነ መለኮቱ ተከራከርን እንጂ፣ ከእነማን እናቶች ጋር እንደ ቆመ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በ1984 አንድ የወጣቶች ቡድን ተቋቋመ፤ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ይባላል። ሥራቸው አጽም አውጥቶ ስም መመለስ ነው። በ2005 ያን ስም አልባ መቃብር ከፍተው አጥንቶቹን መረመሩ። አዙሴና ተገኘች፤ ኤስተርና ማሪያ ተገኙ፤ ሊዮኒ ዱኬም ተገኘች። የአሊስ ዶሞን አጽም አልተገኘም። ኤስተርና ማሪያ ከተወሰዱበት ከዚያው ከሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበሩ። የአዙሴና አመድ ደግሞ በዚያ በዞረችው አደባባይ፣ በሐውልቱ ሥር ዐረፈ። አስቲዝ በ2011 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰዎችን አስገድዶ መሰወርን የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ፤ በአሥራ ሁለተኛው አንቀጹ አቤት ያለ ሰው፣ ምስክሩ፣ የተሰወረው ሰው ዘመድና ጠበቃው ከበቀል እንዲጠበቁ ያዝዛል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ለብቻው መጻፍ ያስፈለገው በየአገሩ ጠያቂው ሲቀጣ ስለ ኖረ ነው።

ያ የአርጀንቲና ቡድን በእኛም አገር ሠርቷል። በ1990ዎቹ (አሁንም በአውሮፓውያን ማለታችን ነው) ደርግ ከወደቀ በኋላ በተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጥሪ መጥተው የቀይ ሽብር ዘመን አጽሞችን በማውጣት አገልግለዋል። የእነዚያ እናቶች ልመና ያፈራው እውቀት የእኛን ልጆች አጥንት ለመለየት ዋለ ማለት ነው።

ታሪኩ ወደ ቤታችን ከመጣ ዘንድ ስለ ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈተው ነበር። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢዘጋጅላቸውም መንጋቸውን ትተው መሄድን እንቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ፣ ኡራኤል ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፈኑ። ወ/ሮ ፀሐይን ለቀቋቸው፤ ቄስ ጉዲናን ዳግመኛ ያያቸው ወዳጅ የለም።

ስለ ቄስ ጉዲና ብዙ ተጽፏል፤ ጉባኤም ይደረጋል፤ መልካም ነው። ስለ ባለቤታቸው ግን የሚያውቀው ምእመን ጥቂት ነው። ባላቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ፣ ወራት ሳይቆይ በ1972 ዓ.ም. እሳቸውም ታሰሩ። ክፉኛ ተገረፉ። ያለ ፍርድ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቤት ቆዩ፤ የተፈቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አስቡት፤ አሥር ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የባላቸው ሞት አልተነገራቸውም። ቄስ ጉዲና በታፈኑበት ሌሊት እንደ ተገደሉ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ አጽማቸው ቀድሞ የራስ አሥራተ ካሣ በነበረው ግቢ ተገኝቶ በ1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ። ወ/ሮ ፀሐይ ያን ቀብር አዩ። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስም ኖሩ።

አንድ ነገር ሳናደርግ አንቀርም የሚሉን ሰዎች ይህን ይመልሱልን፦ ወ/ሮ ፀሐይ ምን አደረጉ?

አሁን ወደ ሪጽፋ እንምጣ። ምንባቡ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰባኪ ያልፈዋል፤ እኛም ለብዙ ዓመት አልፈነዋል። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ራብ ሆነ። ሳኦል በገባዖናውያን ላይ ስላፈሰሰው ደም ሰባት የሳኦል ልጆችና የልጅ ልጆች ተላልፈው ተሰጡ፤ በተራራው ላይ ተሰቀሉ። አሳልፎ የሰጣቸው ዳዊት ነው፤ ይህን አንሸፋፍንም። ከሰባቱ ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች ነበሩ። ሪጽፋ ማቅ ወስዳ በዓለቱ ላይ ዘረጋች። ከገብስ አጨዳ መጀመሪያ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ በዚያ ተቀመጠች፤ ቀን የሰማይ ወፍ፣ ሌሊት የዱር አራዊት እንዲነካቸው አልፈቀደችም። የራሷን ብቻ አልነበረም የጠበቀችው፤ አምስቱ የሌላ ሴት ልጆች ነበሩ። ንግግር አላደረገችም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቃሏ አልተጻፈም። መቀመጧ ብቻ በንጉሡ ላይ ክስ ነበር።

ይህን ለዳዊት ነገሩት። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ንጉሥ ያስገደላቸውን ሰዎች ሬሳ የምትጠብቅ ሴት እንዳለች ሲነግሩት ምን ያደርጋል? ሳኦል ቢሆን ዶይቅን ይጠራ ነበር። ጄኔራሎቹ ሰላይ ላኩ። የእኛ ሰፈር የራሽን ካርድ ያዘ። ዳዊት ግን ሄደ፤ በሌላ ከተማ የነበሩትን የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት አመጣ፤ የተሰቀሉትን አጥንት ሰበሰበ፤ በአባታቸው መቃብር ቀበራቸው። አንዲት ያዘነች ቁባት ንጉሡን አስተማረችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አሥራ አራትን በዝግታ አንብቡት፤ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከቀብሩ በኋላ እንደ ሆነ ተጽፏል። ሰባቱ በተሰቀሉ ዕለት አይደለም። እኛ በጾምና በጸሎት ስለ ምድራችን ስንማልድ፣ ያልተቀበረ ሰው፣ ያልተጠየቀ ሰው፣ ስሙ በመድረክ እንዳይነሳ የምንፈራው ሰው ይኖር ይሆን?

ዳዊት ይህን ከየት ተማረው ብለን ስንጠይቅ ወደ ኖብ እንመለሳለን። ከዚያ እልቂት ያመለጠው አንድ ልጅ፣ አብያታር፣ ወደ ዳዊት ሸሽቶ መጣ። ዳዊት «አባትህ ምን አድርጎ ነው?» አላለውም። በዚያ ቀን ዶይቅን ባየሁት ጊዜ እንደሚናገር አውቄ ነበር፤ የአባትህ ቤት ነፍስ በእኔ ላይ ነው፤ ከእኔ ጋር ተቀመጥ፣ አትፍራ አለው። እዚህ ላይ ነው ለእኛ ለእረኞች የቀረበው ሥራ። የታሰረ ወይም የጠፋ ሰው ሚስት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ስትመጣ አስቀድመን ምን እንጠይቃለን? ፓርቲውን ነው? ብሔሩን ነው? «ምን አድርጎ ነው?» ነው? ወይስ ስሙን፣ ከጠፋ ስንት ቀን እንደ ሆነ፣ ልጆቹ እንደ በሉ? ቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸውን፣ ከሥራ የተባረረውን ወንድሙን፣ ከትምህርት ቤት የቀረችውን ልጁን ማን ይቆጥራቸዋል? ያን የጠየቀ ሽማግሌ ራሱ እንደሚፈራ እናውቃለን። እኛም እንፈራለን። ዛሬም በአምልኮ ወንበሮቻችን ላይ ስለ ጠየቁ ብቻ የተጎዱ ሰዎች አጠገባችን ተቀምጠው እንደሚዘምሩ ግን እርግጠኞች ነን። በምድር ላይ ስለ ጠፋ ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ቃየንን ወንድምህ የት ነው ብሎ።

እረኛ ከሆንን በኋላ፣ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ወደ እማማ ቤት ሄድን። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበሩም፤ ክር በአንገታቸው ነበር። እርጅና ተጫጭኗቸዋል። እናታችን በሌላ መንገድ ትልከን እንደ ነበር፣ ስለ ልጃቸው አንድም ቀን ጠይቀን እንደማናውቅ ነገርናቸውና ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው ዝም ብለው ቡና አቀራርበው ተቀመጡ። ሁለተኛው ስኒ ላይ አንድ ነገር ጠየቁን፦ «ልጄን ታስታውሰዋለህ?»

እናስታውሰው ነበር። አንድ ክረምት የጨርቅ ኳሳችን ጎርፍ ውስጥ ገብቶ፣ በትምህርት ቤት ጫማው ዘሎ ገብቶ አውጥቶልን ነበር። ጫማው በስብሶ እናቱ እንደሚቆጡት እየሳቀ ነገረን። ይህን ተረክንላቸው። እማማ ስኒውን ወደ መሬት አስቀመጡና «እስቲ ድገመው» አሉ።